የራሴን ሰርቨር ደጅ ስጠና

ጥር 2፣ ከጧቱ 3፡20

ጋሼ ሦስት ጊዜ ደውለዋል። ፒያሳ አጠገብ ያለው የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ናቸው። እሳቸው ሦስት ጊዜ ከደወሉ ነገር አለ ማለት ነው።

የማረፊያው ኢሜይል ሞልቶ ደብዳቤ አልቀበልም ብሏል። ጥምቀት ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። በዚህ ሰሞን ጎንደር ውስጥ አልጋ የሚፈልግ ሰው በየሰዓቱ ይጽፋል፤ የጻፈው ሁሉ ተመልሶበታል። አንዲት እንግዳ በዋትስአፕ «ኢሜይላችሁ ምን ሆኗል?» ብላ ባትጠይቅ ኖሮ እስከ ከተራ ድረስ ባላወቅን።

ሥራው ቀላል ነው። ሰርቨሩ የሚተዳደርበት ገጽ፣ ፓነሉ፣ ውስጥ ገብቶ የኢሜይል ሳጥኑን ልክ ከ1 ጊጋባይት ወደ 5 ማሳደግ፣ መውጣት። ቡና አዝዤ ሳይቀርብ እንደምጨርስ ነው የገመትኩት።

ሰርቨሯ ጀርመን የተከራየናት አንዲት ትንሽ ማሽን ናት። ኡቡንቱ በሚባለው የሊነክስ ሲስተም ላይ ሄስቲያ የሚባለውን ነፃ ፓነል ጭኜባታለሁ። የስድስት ደንበኛ ድረ ገጽና ኢሜይል ተሸክማለች። ስሜን ጻፍኩ፣ ፓስወርዴን ጻፍኩ። ቀጥሎ ባለስድስት አሃዝ ኮድ ጠየቀኝ። አዲሱን ስልኬን አውጥቼ ኮዱን የሚያወጣውን አፕ፣ ኦተንቲኬተሩን፣ ከፈትኩ። የጂሜይሉ አለ፣ የፌስቡኩ አለ። የሰርቨሯ የለም።

አሮጌው ስልክ ላይ ነው ያለው። አሮጌው ስልክ እማዬ ጋ ነው። እማዬ ደግሞ አዘዞ ናት።

3፡50

አዘዞ ከመውረዴ በፊት ሌላ በር ልፈልግ ብዬ ነበር።

ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን የከፈትኩ ቀን «ይህን የሚስጥር ቁልፍ ጽፈህ አስቀምጥ» ተብዬ ነበር። አስቀምጫለሁ። ስክሪንሹት አድርጌ፣ በዚያው በአሮጌው ስልክ። ቤቱን ቆልፎ ትርፉን ቁልፍ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ትቶ የወጣ ሰው አይታችሁ ከሆነ እኔ ነኝ።

ሁለተኛው በር ኤስኤስኤች ነው። በተርሚናል፣ ትእዛዝ በሚጻፍበት መስኮት፣ በቀጥታ መግባት። ለዚህ የሚያስፈልገው ቁልፍ የቢሮው ኮምፒውተር ላይ ነበር። ጥቅምት ላይ ቫይረስ ገባው ብዬ ፎርማት አደረግኩት። ቀጥሎ ፓስወርድ ሞከርኩ። ይሆናል ያልኩትን፣ መጨረሻው ላይ አጋኖ የጨመርኩበትን፣ ዓመተ ምሕረቱን የለወጥኩበትን። አምስት ጊዜ። ስድስተኛው ላይ ሰርቨሯ ጭራሽ መልስ መስጠት ተወች።

ፌይልቱባን ነው። በር እያንኳኳ ፓስወርድ የሚገምትን የኢንተርኔት አድራሻ የሚያግድ ዘበኛ ማለት ነው። እንደተጫነ ከተተወ፣ በ10 ደቂቃ ውስጥ አምስት ጊዜ የተሳሳተን ሰው ለ10 ደቂቃ ያግዳል። 10 ደቂቃ ምንም አልነበረም። ግን አምና የሰርቨሯ መዝገብ (ሎጉ) ከዓለም ዙሪያ በሚመጣ ግምት ሲጥለቀለቅ ተናድጄ እገዳውን ወደ 24 ሰዓት ከፍ አድርጌዋለሁ። ዘበኛውን የቀጠርኩት እኔ፣ በዱላ ያባረረኝ እሱ።

ቡናው መጣ። ጠጥቼ ተነሳሁ።

ከቀኑ 7፡10፣ አዘዞ

«ለስልኩ ነው እንጂ ለኔማ መች ትመጣ ነበር» አለችኝ እማዬ። እውነቷን ነው፤ መልስ የለኝም።

ስልኩን ሳላገኝ ምሳ በላሁ፣ ከምሳ በኋላ ቡና ተፈላ። አቦል ላይ ስልኩን ጠየቅኩ፤ «ቻርጅ ላይ ነው» አለች። ቶና ላይ ጠየቅኩ፤ የአክስቴን የጉልበት ሕመም ነገረችኝ። በረካ ላይ ራሷ አምጥታ ሰጠችኝ። ስለ ስልኩ ምንም ቅሬታ የላትም። ያ የጎረቤት ልጅ ሁሉን አስተካክሎላታል፦ ፊደሉን አተለቀላት፣ ሰዓቱን አስተካከለላት፣ የማይረባውን ፎቶ ሁሉ አጠፋላት።

የማይረባው ፎቶ ውስጥ የእኔ ስክሪንሹትም ነበር። የተሰረዙ ፎቶዎች የሚቆዩበትም ቦታ ባዶ ነው። ልጁ ጠንቃቃ ነው፣ እሱንም አጽድቶታል።

ግን ኦተንቲኬተሩ አለ! ከፈትኩት። የሰርቨሯ ስም፣ ከስሩ ስድስት አሃዝ፣ አጠገቡ እየጎደለች የምትሄድ ክብ። ላፕቶፔን ከሞባይል ዳታ ጋር አገናኘሁ፤ በሌላ አድራሻ ስለመጣሁ ዘበኛው አላወቀኝም። ፓነሉ ተከፈተ። ስም፣ ፓስወርድ፣ ኮድ።

ኮዱ ልክ አይደለም።

ምናልባት ዘግይቼ ይሆናል። ክቧ እስክትሞላ ጠበቅኩና አዲስ ኮድ ሲወጣ ወዲያው ጻፍኩ። ልክ አይደለም። እማዬ ቁጥሩን እያነበበችልኝ ሞከርን። ልክ አይደለም። «ቀስ ብለህ ጻፈው እንጂ አንተ ልጅ!» ስትል ላፕቶፑን ዘጋሁት።

ሲሟን አሮጌዋ ኖኪያ ላይ መለስኩላትና ስማርት ስልኩን ይዤ ወጣሁ። ነገ እመልሳለሁ አልኳት። አላመነችኝም።

ከምሽቱ 1፡40፣ ቤት

ኮዱ ከየት እንደሚመጣ መጻፍ አለብኝ፣ ለራሴም እንዲገባኝ።

ብዙ ሰው ኮዱን ኢንተርኔት ላይ ሆኖ አንድ ኩባንያ የሚልክለት ይመስለዋል። አይደለም። ስልኩ ኔትወርክ ባይኖረውም ኮዱ ይወጣል። መጀመሪያ ቀን ካሬዋን ምስል ስካን ስናደርግ አንድ የሚስጥር ቁልፍ ሰርቨሩም ስልኩም ዘንድ ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ ሁለቱ አይነጋገሩም። እያንዳንዳቸው ቁልፉን ከሰዓት ጋር ያዋህዱና ስድስት አሃዝ ያወጣሉ። ደንቡ በ2011 በፈረንጆች የወጣ ነው፤ ቁጥሩ 6238። ሰዓቱ የሚቆጠረው በ30 ሰከንድ እየተከፈለ ነው። መነሻው ጃንዋሪ 1 ቀን 1970 በግሪንዊች እኩለ ሌሊት፤ በኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት። ከዚያች ሌሊት ጀምሮ ስንት ሠላሳ ሰከንድ አለፈ? ስልኩም ሰርቨሩም እኩል ከቆጠሩ እኩል ኮድ ያወጣሉ።

ስለዚህ ኮዱ ከተሳሳተ ወይ ቁልፉ ተለያይቷል፣ ወይ ሰዓቱ።

የስልኩን ሰዓት አየሁ። 1፡40። የግድግዳውን አየሁ። 1፡40። ሰዓቱ ልክ ነው። እንግዲህ ቁልፉ ነው። ምናልባት ፓነሉን ያሻሻልኩ ጊዜ ማረጋገጫውን እንደገና አስገብቼው ረስቼ ይሆናል። ለመርሳትማ ማን ብሎኝ።

ከስልኩ ተስፋ ቆረጥኩ። ይህን አረፍተ ነገር አሁን ሳነበው ያሳፍረኛል፣ ግን ማስታወሻ ነውና አልሰርዘውም።

ከምሽቱ 2፡15

የቀረው በር የአከራዩ ነው። ሰርቨር የሚያከራይ ድርጅት ሁሉ የደንበኛ ገጽ አለው፤ እዚያ ከገቡ ማሽኑን ማጥፋት፣ ማብራት፣ በነፍስ አድን ማስነሳት ይቻላል። ገጹ ግን በኔ ስም አይደለም። የዶላር ካርድ ያለው የአጎቴ ልጅ ነው፣ ዋሽንግተን። ኪራዩን እሱ ይከፍላል፣ እኛ እዚህ በብር እናወራርዳለን። ብዙዎቻችን እንዲህ ነው የምንሠራው። ምቹ ነው፣ እንዲህ ያለ ቀን እስኪመጣ።

ደወልኩለት። እዚያ ቀትር አልፏል፣ ሥራ ላይ ነው። «ማታ ቤት ስገባ» አለኝ። የሱ ማታ የኔ ሌሊት ነው፤ በመካከላችን ስምንት ሰዓት አለ። አላርሜን ለ12 ሰዓት ሞልቼ ተኛሁ። ለጋሼ «ነገ ጧት» አልኳቸው። «ነገ ጧት» ማለት እሳቸው ዘንድ የተከበረ ቃል ነው፣ ስለዚህ በደንብ አልተኛሁም።

ጥር 3፣ ከጧቱ 12፡10

የአጎቴ ልጅ ቃሉን ጠበቀ። ፓስወርዱን ልስጥህ ሲለኝ እምቢ አልኩ፤ ገጹ ሌላ ሰው መጋበዝ ይፈቅዳል፣ በራሴ ስም ጋበዘኝ። ሰርቨሯን አየኋት። አረንጓዴ ነጥብ፣ ጤነኛ። እሷ ምን ቸገራት፣ ደጅ ያለሁት እኔ።

ምንም ሳልነካ መጀመሪያ ስናፕሾት አነሳሁ። ያለችበትን ሁኔታ እንዳለ የሚገለብጥ ነው። ስምንት ደቂቃ ፈጀ። ሰው ሲቸኩል ይህችን ነው የሚዘላት። ዲስክ ላይ እጅህን ልትከት ከሆነ አትዝለላት።

12፡40

ሬስኪው ሞድ። ማሽኗ ከራሷ ዲስክ መነሳቷን ትታ አከራዩ ካዘጋጀው ትንሽ ሊነክስ ትነሳለች። የራሷ ዲስክ አጠገቡ ተኝቶ ይቀመጣል፣ እንደ በሽተኛ። ጊዜያዊ ፓስወርድ ሰጠኝ።

በብራውዘር የሚከፈተው ጥቁር መስኮት መለጠፍ አይችልም፤ ኮፒ ያደረግኩትን አይቀበልም። የኤስኤስኤች ቁልፍ በእጅ መተየብ ደግሞ የማይሞከር ነው። ስለዚህ በጊዜያዊው ፓስወርድ ከተርሚናሌ ገባሁ። ላፕቶፔ ጮኸ፦ ይህ ማሽን ያ የምታውቀው አይደለም፣ መሐል ላይ የገባ ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል እያለ በትልልቅ ፊደል። ሌላ ቀን ቢሆን ቆም ብዬ አስብ ነበር። ዛሬ እውነቱን ነው፤ የተነሳው ሌላ ሊነክስ ነው፣ መታወቂያውም ሌላ ነው። የድሮውን መዝገብ አንስቼ ቀጠልኩ።

ዲስኮቹን ዘረዘርኩ፣ ትልቁን ክፍል ከባዶ ፎልደር ጋር አገናኘሁት፣ ውስጡ ገባሁ። ድረ ገጾቹ ሁሉ አሉ። ላፕቶፑ ላይ አዲስ የሠራሁትን ቁልፍ፣ ማለትም ለሰው የሚሰጠውን ግማሹን፣ ሁሉ ነገር የሚፈቀድለት የሩት ተጠቃሚ የተፈቀዱ ቁልፎች ፋይል መጨረሻ ላይ ለጠፍኩ። የፋይሉን ፈቃድ 600፣ የፎልደሩን 700 አደረግኩ። ፈቃዱ ከላላ ኤስኤስኤች ቁልፉን እያየ እንዳላየ ያልፋል፤ አንዴ ግማሽ ቀን በልቶኛል።

ልወጣ ስል መብራት ሄደ። ሰርቨሯ ምን ገዷት፣ ጀርመን ናት። የኔ ዋይፋይ ነው የሞተው። በሞባይል ዳታ ተመልሼ ገብቼ ዲስኩን በሥርዓት አላቅቄ በራሷ እንድትነሳ አዘዝኳት። ጠቅላላ ከአገልግሎት ውጭ የሆነችው 14 ደቂቃ ነው።

1፡15

ገባሁ። በገዛ ቁልፌ፣ በፊት ለፊት በር።

የመጀመሪያ ሥራዬ የጋሼ ሳጥን። ሄስቲያ ፓነሉ የሚሠራውን ሁሉ በተርሚናል ትእዛዝም ይሠራል። ትእዛዞቹ ሁሉ በቪ ፊደልና በሰረዝ ይጀምራሉ፤ ሄስቲያ ቬስታ ከሚባል ፓነል የወጣ ስለሆነ ቪው ከዚያ የተረፈ ነው። ሳጥኑን 5 ጊጋ አደረግኩትና ለጋሼ ደወልኩ። ከራሴ ኢሜይል የሙከራ ደብዳቤ ላክሁላቸው፤ ደረሳቸው። እያወራን ሳለ አንድ የአልጋ ጥያቄ ገባ። ስልኩን ሳይዘጉ ለሚስታቸው ሲያነቡላት ሰማሁ።

ሁለተኛ፣ የቢሮውን አድራሻ ከእገዳ አወጣሁ።

ሦስተኛው ማረጋገጫውን መሰረዝ ነው። አንድ መስመር፦ ቪ-ዲሊት-ዩዘር-ቱኤፍኤ፣ ከዚያ የተጠቃሚው ስም። ጻፍኩት። ኢንተር ልጫን ጣቴን አነሳሁ።

አልጫንኩም። ኮዱ ለምን እምቢ እንዳለኝ ሳላውቅ ብሰርዘው ነገም ይደግመኛል። ምክንያቱ ይሄ ነው ብዬ ብጽፍ ደስ ይለኛል፣ ግን ዋናው እልህ ነው።

1፡38

የሚስጥር ቁልፉ ሰርቨሯ ላይ የተጠቃሚው ማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ ተቀምጧል። ሩት ከሆንክ ታነበዋለህ። ኦውዝቱል የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ጫንኩ፤ ቁልፍ ስትሰጠው የአሁኑን ኮድ ያወጣልሃል። የሰርቨሯን ኮድ ከስልኩ ኮድ ጎን ለጎን አየሁ። አይገናኙም።

የሰርቨሯን ሰዓት ጠየቅኩ። 4፡38 አለች፣ በግሪንዊች ነው የምታስበው። ከኢንተርኔት ሰዓት ጋር ተስተካክያለሁ አለች። ላፕቶፔ 7፡38 ይላል። ግድግዳው 1፡38። ስልኩ 1፡38። አራቱም ልክ ናቸው ብዬ አለፍኩ። እዚህ አገር ያደገ ሰው ሦስት የተለያየ ሰዓት አይቶ «ልክ ናቸው» ማለት አይከብደውም።

1፡51

የእማዬ ስልክ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ከዳታዬ ጋር ተገናኝቷል። ቴሌግራም ጮኸ። የአጎቴ ልጅ ነው፤ ሊተኛ ሲል ለአክስቱ «እንዴት አደርሽልኝ» ብሎ ልኳል። ከፈትኩት። መልእክቱ ከስሩ 7፡51 ይላል። ከላይ ጥጉ ላይ የስልኩ ሰዓት 1፡51 ይላል።

አሁን የመጣ መልእክት ከስድስት ሰዓት በኋላ የተላከ።

ሴቲንግ ገባሁ። አውቶማቲክ ሰዓት ጠፍቷል። የሰዓት ቀጠና፦ ምሥራቅ አፍሪካ። ሰዓት፦ 1፡51፣ በእጅ የተሞላ። ያ የጎረቤት ልጅ! «ሰዓቱን አስተካከለላት» ማለት ይሄ ነው። እማዬ የፈረንጅ ሰዓት አታነብም። ልጁ ስድስት ሰዓት ወደኋላ መልሶ በኛ አቆጣጠር ሞላላት። ማታም ጧትም ስልኩን ሳየው ልክ የመሰለኝ ለዚህ ነው፤ እኔም ሰዓት የማስበው በኛ ነው። ስልኩ ግን ምሥራቅ አፍሪካ እንደሆነና ሰዓቱ የፈረንጅ እንደሆነ አምኖ ሦስት ቀንሶ ግሪንዊችን ያሰላል። ያገኘው ግሪንዊች ስድስት ሰዓት የቀረ ነው።

ስድስት ሰዓት በ30 ሰከንድ ሲከፈል 720። ሲያሳየኝ የዋለው ከ720 ኮድ በፊት ያለፈውን ነው። አብዛኛው ሰርቨር አንድ ኮድ ወደፊት ወይ ወደኋላ ቢሳሳት ይቅር ይላል። 720 ግን ማንም ይቅር አይልም።

ኦውዝቱል ላይ «አሁን» የሚለውን በሌላ ሰዓት መተካት ይቻላል። ከስድስት ሰዓት በፊት የነበረውን ኮድ አውጣ አልኩት። አወጣ። ስልኩን አየሁ። ስድስቱም አሃዝ ገጠመ።

ብቻዬን «እሰይ!» ብዬ ጮህኩ። ጎረቤት መብራት የመጣ መስሎት ወጣ።

2፡05

አውቶማቲክ ሰዓቱን አበራሁ። ስልኩ 8፡05 ሆነ። ፓነሉን ከፍቼ ስም፣ ፓስወርድ፣ ኮድ። ገባ፣ ያለ ምንም ማንገራገር።

ማለትም ትናንት አዘዞ እማዬ ፊት ሁለት ቦታ ብነካ ኖሮ አልቆ ነበር።

ከቀኑ 5፡00

ጥገና። ቁልፉን ተርሚናል ላይ ስለጻፍኩት የትእዛዝ ታሪክ ውስጥ ቀርቷል፤ የታየ ሚስጥር ሚስጥር አይደለም። ማረጋገጫውን አጥፍቼ በአዲስ ቁልፍ አስገባሁ። ካሬዋን ምስል በአዲሱ ስልኬና በታናሽ እህቴ ስልክ፣ በሁለቱም፣ ስካን አደረግኩ። ቁልፉን ደግሞ በወረቀት በእጄ ጻፍኩ። ኦ ይሁን ዜሮ ብዬ አልተጨነቅኩም፤ በእነዚህ ቁልፎች ውስጥ ዜሮና አንድ የሉም፣ ከቁጥር ያሉት ከ2 እስከ 7 ብቻ ናቸው። ወረቀቱ በፖስታ ታሽጎ ከቤቱ ካርታ ጋር ተቀመጠ። የኤስኤስኤች ቁልፍ በሁለት ማሽን። እገዳው ከ24 ሰዓት ወደ 1። ስናፕሾቱ ለአንድ ሳምንት ይቆይ፣ ሂሳብ ይቆጥራል።

ጥር 5፣ አዘዞ

ስልኩን ይዤ ሄድኩ። ኦተንቲኬተሩን አጥፍቼዋለሁ፣ ከእንግዲህ ለእማዬ አያስፈልጋትም። ገና ከእጄ ተቀብላ አየችውና «ምን አደረግከው? ሰዓቱን አበላሸኸው!» አለች። ከቀኑ 5 ሰዓት ነበር። ስልኩ 11 ይላል።

በእጅ ብሞላላት ቴሌግራሟ ዳግመኛ ስድስት ሰዓት ይቀድማታል። ትንሽ አሰብኩ። የኛ ሰዓት ከምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት ስድስት ይቀንሳል፤ ከግሪንዊች ሦስት ይቀንሳል ማለት ነው። ከግሪንዊች ሦስት ወደኋላ የሚኖር አገር አለ። አርጀንቲና። ዓመቱን ሙሉ፣ ክረምት በጋ ሳይቀያይሩ።

አውቶማቲክ ሰዓቱን አብርቼ ተውኩት። ቀጠናውን ብቻ በእጅ ቦነስ አይረስ አደረግኩ። ስልኩ 5 ሰዓት አለ። ቴሌግራሙም 5። ውስጡ ያለው እውነተኛ ሰዓት አልተነካም። እንዲያውም ቀኑ የሚለወጠው የነሱ እኩለ ሌሊት ላይ ነው፤ ያ ደግሞ በኛ ከጧቱ 12፣ ሊነጋ ሲል ነው። እማዬም ቀን የምትቆጥረው እንደዚያ ነው።

«ይሄ የተጻፈው አገር የት ነው?» አለች መነጽሯን ከፍ አድርጋ።

«ሩቅ ነው እማዬ። ሰዓታቸው ግን ከኛ ጋር አንድ ነው።»

«እንግዲያማ የኛው ሰዎች ናቸዋ» አለችና ቡናውን ልትቆላ ተነሳች።